ከባሕር ዳር ወደ ራስ ዳሽን፦ ሰውነት ቶሎ ከፍታ እንዲለምድ ምን ይደረግ?

ጣና_ዳር
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከጥምቀት በኋላ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስሜን ተራሮች ሄደን ራስ ዳሽን ለመውጣት ቆርጠን ተነስተናል። ያለን የአንድ ሳምንት የዓመት ፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሾቻችን «በሌሊት ከባሕር ዳር ተነስተን በአንድ ቀን ጨነቅ ካምፕ እንደር፣ በማግስቱ መውጣት እንጀምር» እያልን ነው። ታናሽ ወንድሜም ከጅቡቲ መጥቶ ይቀላቀለናል፤ እሱ ዓመታት የኖረው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። እናቴ ነጭ ሽንኩርት በማር ያዙ ትላለች፣ አንድ ባልደረባችን ደግሞ የከፍታ ክኒን አለ ይላል። ሰውነት በአጭር ጊዜ እንዲለምድ የሚያደርግ ነገር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩን።

የደባርቅ_መንገድ
ተራራ መምራት እንጀራዬ ነውና የማየውን ልንገርህ ወንድሜ። መኪና መንገዱ ለአካባቢያችን በረከት ነው። ነገር ግን እንግዳ የሚታመምብን አብዛኛውን ጊዜ መኪናው በፍጥነት ስላወጣው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎንደር 2,100 አካባቢ፣ ደባርቅ 2,850 አካባቢ፣ ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ ሁለቱም ወደ 3,600። መኪና ጨነቅ ድረስ ስለሚገባ፣ ጠዋት ጣና ዳር ቡናውን የጠጣ ሰው ማታ የባሕር ዳርን ከፍታ እጥፍ ላይ ይተኛል። ድሮ በበቅሎ ሲኬድ መንገዱ ራሱ ቀናት ይወስድ ስለነበር ሰው ሳያስበው እየለመደ ይደርስ ነበር።

ስለዚህ «በአንድ ቀን ጨነቅ» የሚለውን ከአሁኑ ሰርዙት። ዋናው ነገር ቀን የት ደረስክ ሳይሆን ሌሊቱን የት ተኛህ ነው። ቀን ከፍ ብለህ ብትወጣና ለማደር ዝቅ ብትል ሰውነት ይማርበታል። ከ3,000 ሜትር ካለፋችሁ በኋላ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፤ በየሦስትና አራት ቀኑም ከፍታ ሳትጨምሩ አንድ ሌሊት እደሩ። ይህን የተራራ ሐኪሞችም የሚመክሩት ነው።

ቅዳሜ ብትነሱ የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ እደሩ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ስለሆነ የመግቢያ ፈቃድና ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ማግኘታችሁም በዚያው ያልቃል። እሑድ ሳንቃ በር፣ ሰኞ ግጭ። ማክሰኞ በእሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) በኩል ዞራችሁ ጨነቅ ትገባላችሁ፤ ቀን ወደ 4,000 ተጠግታችሁ ማታ 3,600 ላይ መተኛት ማለት ነው። ዋልያ የምታዩበት ዕድልም ጨነቅ ላይ ሰፊ ነው፣ አትቸኩሉ። ረቡዕ የቧሂትን ማለፊያ ተሻግራችሁ አምቢቆ ትወርዳላችሁ። አምቢቆ 3,200 አካባቢ ስለሆነ ከጨነቅ ዝቅ ያለ ነው፤ እንቅልፍም ይሻላል። ሐሙስ በሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተነስታችሁ ራስ ዳሽን ወጥታችሁ አምቢቆ ትመለሳላችሁ። ዓርብ ጨነቅ፣ ቅዳሜ ወደ ቤት።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ያዙልኝ። ቧሂትን ከተሻገራችሁ በኋላ ከአምቢቆ ወደ ጨነቅ መመለስ ማለት እንደገና ከ4,000 ሜትር በላይ መውጣት ነው። የታመመ ሰው ይዞ ያንን ማለፊያ መሻገር ከባድ ነው። ስለዚህ ማን ይቀጥላል ማን ይቀራል የሚለው ጨነቅ ላይ ማክሰኞ ማታ ይወሰን። ራሱን ያመመው ሰው እዚያ ይቅር ወይም ወደ ታች ይውረድ።

ግሽ_ዓባይ
ነርስ ነኝ። ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ለምን እንደሆነ እኔ ልጨምር።

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ጣና ዳርም ራስ ዳሽን አናትም ያው ነው፣ 21 በመቶ ገደማ። ከፍ ስንል የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለውን መቶ ብንለው ባሕር ዳር 80 አካባቢ፣ ጨነቅ 65 አካባቢ፣ ራስ ዳሽን ጫፍ 58 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። አንገታችን ላይ የደም ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ያለች ትንሽ አካል ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ታውቅና ትንፋሽን ታፋጥናለች። ነገር ግን ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዝተን እናስወጣለን፤ የደም አሲድነት ይቀንሳል፤ አንጎልም ትንፋሹን መልሶ ይገታዋል። በተለይ ሌሊት። ጓደኛችሁ ተኝቶ ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደገና ሲጀምር ብትሰሙ ከዚህ የተነሳ ነው፤ ብቻውን አደጋ አይደለም።

ይህን ትግል የሚፈታው ኩላሊት ነው። ባይካርቦኔትን፣ ማለትም በደም ውስጥ የአሲድን ኃይል የሚቀንሰውን ንጥረ ነገር፣ በሽንት እያስወገደ ደሙን ወደ ሚዛኑ ሲመልሰው ትንፋሽ በነፃነት መፍጠን ይችላል። ለዚህ ኩላሊት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ሽንት መብዛቱም የመልመድ ምልክት ነው። ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን በሰዓታት ውስጥ ቢጨምርም ሴሎቹ በዝተው ለውጥ እስኪያመጡ ሳምንታት ይሄዳሉ። ጣና ዳር፣ በአንድ ሳምንት ጉዞ የምታተርፉት የትንፋሽንና የኩላሊትን ሥራ ብቻ ነው። ለዚያ ሁለት ሦስት ሌሊት መስጠት ግድ ነው።

የከፍታ ሕመም ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከደረሳችሁ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፦ ራስ ምታት፣ ከዚያ ጋር ማቅለሽለሽ ወይም ምግብ መጥላት፣ ድካም፣ ማዞር። እንዲህ ያለው ሰው ከዚያ ከፍታ በላይ አንድ እርምጃ አይጨምር። ማረፍ፣ ውኃ፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል። በአንድ ቀን ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ይውረድ። እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ፣ ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገናኘ በቀጥታ መስመር መሄድ ያቃተው፣ ንግግሩ የተምታታ ከሆነ አንጎሉ ውኃ እየቋጠረ ነው። ተቀምጦ እንኳ የሚያለከልክ፣ የሚያስል፣ ደረቱ የሚንተከተክ ከሆነ ደግሞ ሳንባው ነው። ሁለቱም ይገድላሉ። «ይንጋ» አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ሰው አብሮት ይውረድ፣ ብቻውን በፍጹም አይላክ። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙውን ጊዜ ለውጥ ያመጣል።

አባይ_ማዶ
ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለፈረንጅ ይመስለኛል። እኛ የደጋ ልጆች ነን። የጃናሞራ ገበሬ እኮ እዚያው ያርሳል፣ እዚያው ይከምራል፣ ሕፃኑ ከበግ ጋር ገደሉን ይሮጥበታል። ደማችን ለምዶታል።

ፔዳ_ግቢ
ወንድም አባይ_ማዶ፣ የምትለው ነገር እውነት አለበት፤ ግን የሚመለከተው የጃናሞራን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመና በሲንቲያ ቢል የተመራ ጥናት እዚያው ስሜን አምባ ራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ ተወልደው ያደጉ ሰዎችን መርምሮ ነበር። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ከፍታን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸው (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) በዝቶ ነው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ብሎም ይኖራሉ። የአምባ ራስ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከቆላ ሰው ብዙም ሳይበልጥ፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ዓለምን ያስገረመ ግኝት ነው፤ እኔም በአገሬ ሰዎች የምኮራበት ነው።

ነገር ግን እኔና አንተ 1,800 ሜትር ላይ፣ ሐይቅ ዳር ተወልደን አድገናል። አምባ ራስ የተወለደ ልጅ ሳንባው ጭምር ያደገው እዚያ ነው። የዘር ውርስ ቢኖረንም እንኳ ሰውነታችን በየጉዞው ከባዶ ሊለምድ ይገባል። የተራራ ሰው ራሱ ቆላ ወርዶ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ሲመለስ የሚታመምበት ጊዜ አለ፤ በሳንባ ውኃ መቋጠር ጭምር።

ቀበሌ_14_ሯጭ
አትሌት ነኝ፣ ከስፖርቱ በኩል አንድ ነገር ልበል። ጠንካራ መሆን ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጠንካራው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ይወድቃል። በጉዟችሁ መሐል ኳስ የሚጫወት፣ ጂም የሚሠራ ልጅ ካለ ከኋላ እንዲሄድ አድርጉት። ልካችሁ ይህ ይሁን፦ እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል።

ከፍታ ላይ የለመደ ሰው ያለው ብልጫ ምን እንደሆነ ለማየት የሜክሲኮ ከተማን ኦሎምፒክ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. 1968፣ 2,240 ሜትር። ከባሕር ጠረፍ የመጡት የረጅም ርቀት ሯጮች ሲዳከሙ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ፣ በ10,000 ሜትርም ብር አገኘ። የእሱ ሰውነት ግን ዕድሜውን ሙሉ በከፍታ የኖረ ነው። እኛ አሠልጣኞቻችን ለከፍታ ልምምድ ሲልኩን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት የሚያስቡት ለዚህ ነው፤ ደም ለመጨመር ሳምንት አይበቃም።

ወለተ_ኪዳን
እኔም ከቡድኑ አንዷ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። በእናንተ ዕቅድ ረቡዕ ቧሂትን የምንሻገርበት፣ ዓርብ የምንመለስበት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ ሳልጠጣ መሄድ እችላለሁ?

ግሽ_ዓባይ
እህቴ፣ የጾም ምግብ መብላቱ ምንም ችግር የለውም፤ እንዲያውም ከፍታ ላይ የሚስማማው እሱ ነው። ሥጋና ቅባት ሆድ ላይ ይከብዳሉ፣ የምግብ ፍላጎትም ይጠፋል። በሶ በማር፣ ቆሎ፣ ድንች፣ ድፎ ዳቦ፣ ሽሮ ግሩም ናቸው፤ ሰውነት ከእህል ኃይል ሲያገኝ የሚፈልገው ኦክስጅን ከቅባት ያነሰ ነው። የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። በደረቅና ቀዝቃዛ አየር እያለከለክሽ ስትወጪ በትንፋሽ ብቻ ብዙ ውኃ ታጫለሽ። ያለ ውኃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከ4,000 ሜትር በላይ መሄድን አልመክርሽም። ራስ ምታትሽ ከጥማት ይሁን ከከፍታ መለየትም አይቻልም፤ ያ ደግሞ ለአብረውሽ ለሚሄዱትም አደጋ ነው። የንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ አማክሪ። ካልሆነ ከመሪው ጋር ተነጋግራችሁ የመሻገሪያውን ቀን በአንድ ቀን ማሸጋሸግ ይቻላል።

ወለተ_ኪዳን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴን እጠይቃቸዋለሁ። ቡናስ?

ግሽ_ዓባይ
የለመድሽውን ያህል ጠጪ። በየቀኑ ሦስት ሲኒ የምትጠጣ ሴት በድንገት ብታቋርጥ ራሷን ያማታል፤ ያ ከከፍታ ሕመም ጋር ይምታታል። የሚከለከለው አረቄና ጠጅ ነው፣ እንዲሁም የእንቅልፍ ክኒን፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች። ሌሊት ትንፋሽን ያዳክማሉ። ደባርቅ ስትደርሱ ለብርዱ ብሎ አረቄ የሚጋብዝ አይጠፋም፤ በምስጋና እለፉት።

መድኃኒት_ቤት
ክኒኑን በተመለከተ። ስሙ አሴታዞላማይድ ነው፣ ብዙ ሰው ዳያሞክስ ይለዋል። ግሽ_ዓባይ ስለ ኩላሊት የጻፈችውን ካነበባችሁ አሠራሩ ግልጽ ይሆናል፦ ኩላሊት ባይካርቦኔትን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስለዚህ ሕመሙን የሚሸፍን ሳይሆን መልመዱን ራሱን የሚያፋጥን ነው። ለአዋቂ ለመከላከል በብዛት የሚታዘዘው 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ሲሆን ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ጣትን ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፣ የለስላሳን ጣዕም ያበላሻል።

ነገር ግን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዳትወስዱት። ለሰልፋ መድኃኒት ከባድ አለርጂ ያለበት፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው አይወስደውም። የተፈቀደለትም ሰው ከጉዞው በፊት ቤቱ ሆኖ ቢሞክረው መልካም ነው፤ ተራራ ላይ አዲስ መድኃኒት አይጀመርም። የደባርቅ_መንገድ በሰጣችሁ ዕቅድ ከባሕር ዳር ለምትነሱት ብዙዎቻችሁ አያስፈልጋችሁም ብዬ አምናለሁ። ከጅቡቲ የሚመጣው ወንድምህ ግን ሐኪም ያማክር።

ዴክሳሜታዞን የሚባል ሌላም አለ። እሱ ምልክቱን ያጠፋል፣ ሰውነትን ግን አያለምድም። የታመመን ሰው ለማውረድ የሚጠቅም ነው፤ እሱን ወስዶ ወደ ላይ መቀጠል ሕይወትን መወራረድ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና ማሩን በምግብነት ብሉት፣ የእናት እጅ ነውና ይባረካል። ከፍታን ያስለምዳል የሚል ማስረጃ ግን የለም። ዳማከሴም እንደዚሁ፤ ማሽተቱ ደስ ይላል፣ መውረድን አይተካም።

የፎገራ_ልጅ
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ከሐይቁ ዙሪያ፣ ከባሕር ዳር፣ ከፎገራ፣ ከደምቢያ ለሚነሳ ሰው ወባ አለ። ትንኟ ቤት ነክሳ ምልክቱ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ሊወጣ ስለሚችል፣ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ጨነቅ ላይ ሊጀምር ይችላል። የከፍታ ሕመም ራስ ያማል፣ ግን ብርድ ብርድ እያለ የሚያንቀጠቅጥ ከባድ ትኩሳት የእሱ ጠባይ አይደለም። እንዲህ ከሆነ ወርዶ ደም መመርመር ነው። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ሰውነቱ የከበደው ሰው ካለም ባሕር ዳር ሳለ ይመርመር።

ጡረተኛው_መምህር
ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ተከታተልኩ። እኔ ደም ግፊት አለብኝና ራስ ዳሽንን አልመኝም። ለእናንተ ግን ጉና አለላችሁ። ከጉዟችሁ በፊት ባለው ቅዳሜ ደብረ ታቦር ውጡ፤ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አድራችሁ እሑድ ጉና ላይ ተራመዱ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ጫፍ መድረስ ግን ግዴታ አይደለም። ማን እንደሚቸገር፣ ማን እንደሚቸኩል ከቤታችሁ ሳትርቁ ታዩታላችሁ። የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ግሽ_ዓባይ
ጋሼ፣ እጅግ ጥሩ ሐሳብ ነው ያነሱት። አንድ ሌሊት ሙሉ ልማድ ባይሰጥም ሰውነታቸውን ያውቁበታል። በከፍታ የተገኘ ልማድ ቆላ ከተወረደ በሳምንት ሁለት ሳምንት ስለሚጠፋ ወደ ጉዞው ተጠግቶ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። እርስዎም ደብረ ታቦር ድረስ አብረው ሊሄዱ ካሰቡ ግፊትዎ በመድኃኒት የተረጋጋ መሆኑን ሐኪምዎን ጠይቀው፣ መድኃኒትዎንም ሳያቋርጡ ይሁን።

ጣና_ዳር
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ውይይቱን ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው በአንድ ቀን ጨነቅ የሚለው ቀርቷል። ቅዳሜ ተነስተን በደባርቅ፣ በሳንቃ በር፣ በግጭ እናልፋለን። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜና እሑድ ደብረ ታቦርና ጉና። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አንዱ ባልደረባችን በኮሮና ጊዜ የተገዛ የጣት ኦክስጅን መለኪያ አለው፣ ይጠቅማል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወንድሜ መቼ ይምጣ?

ግሽ_ዓባይ
መለኪያውን ያዙት፣ ግን ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። 3,600 ሜትር ላይ ለአዲስ ሰው ከ90 ዝቅ ማለቱ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ጣት ከቀዘቀዘ ደግሞ መሣሪያው ያሳስታል፤ እጅን አሙቃችሁ፣ ተቀምጣችሁ ለኩ። አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ከራቀና ምልክትም ካለው ነው የሚያስደነግጠው። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው የሚንገዳገድ ከሆነ ሰውየውን እመኑ።

የደባርቅ_መንገድ
ወንድምህ እናንተ ከምትነሱበት ቀን ከአራት አምስት ቀን በፊት ባሕር ዳር ይግባ። ከባሕር ጠረፍ ለመጣ ሰው 1,800 ሜትሩ ራሱ የመጀመሪያ ደረጃው ነው። ከዚያ ከእናንተ አንድ ቀን ቀድሞ ደባርቅ ይምጣና ሁለት ሌሊት ይደር፤ ቀን ቀን በከተማው ዙሪያ ይራመድ። እሑድ እናንተ ወደ ሳንቃ በር ስታልፉ አብሯችሁ ይወጣል። ያም ሆኖ ጨነቅ ላይ የሚወሰነው ውሳኔ እሱንም ይመለከታል፤ ወንድሜ ነው ብለህ እንዳታልፍለት።

ከመነሳታችሁ በፊት መሪውን ስትዋዋሉ «ውረዱ ካለ እንወርዳለን» የሚለውን ሁላችሁም በተሰበሰባችሁበት ተስማሙ። ሹፌሩም ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ጨነቅ እንዲጠብቃችሁ፣ ነዳጁን ደባርቅ ላይ ሞልቶ እንዲመጣ፣ ሌሊት ቢቀሰቀስ ለመንዳት ዝግጁ እንዲሆን በውሉ ይግባ። ጨነቅ በጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሹፌሩም ብርድ ልብስ ይፈልጋል፣ ከእናንተው ጋር ቁጠሩለት።